በሎቤድ የሚወርዱ ውሾች፦ ከአዘዞ እስከ ሸሕዲ ካለው መንገድ የተገኘ ምልከታ

መግቢያ

የእብድ ውሻ በሽታን የሚመለከቱ የመስክ ጥናቶች ውሻን የሚቆጥሩት ዘወትር በቤተሰብ ነው። መጠይቁ «በቤትዎ ስንት ውሻ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባወራው ወይም እማወራዋ ይመልሳሉ፤ መልሱም በጎጥ፣ በቀበሌና በወረዳ ይደመራል። ሊከተቡ የሚገባቸው ውሾች ብዛት የሚታወቀውም በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ ውሻ በአንድ ግቢ ተወልዶ በዚያው ግቢ ለሚያረጅበት የደጋ መንደር ይስማማል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን የወቅት ስደተኛ የሆነ ውሻ አለ። በግንቦት ከትራክተር ጋር ተጭኖ ይወርዳል፤ ክረምቱን በእርሻ ካምፕ ያሳልፋል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሲራገፍ ከሠራተኛው ጋር ይመለሳል፣ ወይም እዚያው ይቀራል፣ አለዚያም በሌላ መኪና ወደ ሌላ ካምፕ ይሻገራል። የትኛውም ቀበሌ «የእኔ ነው» ብሎ አይመዘግበውም።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በእንስሳት ሕክምና አግኝቼ አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከእንስሳት ወደ ሰው በሚተላለፉ በሽታዎች ላይ እከታተላለሁ። ይህ ጽሑፍ የተጠናቀቀ ጥናት ውጤት አይደለም። የጥናት ቦታ ለመምረጥ ወደ ሸሕዲ በወረድኩበት ጊዜ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ በቤተሰቤ በኩል የደረሰኝን አንድ ጉዳይ መነሻ አድርጌ፣ አንድ ሐሳብ ለባልደረቦቼ ለማቅረብ የጻፍኩት ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ የቆላው ወቅታዊ ውሻ የቤት ሳይሆን የመንገድ ውሻ ነው፤ ስለዚህ ክትባቱም ክትትሉም መንገዱን መከተል አለበት።

መንገዱና ጭነቱ

የመተማ መንገድ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ካለችው አዘዞ ይነሣል። ጭልጋን አቋርጦ አይከልን ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ነጋዴ ባሕር እየወረደ ገንዳ ውሃ ይደርሳል፤ ኮኪትንም አልፎ በመተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ይገናኛል። ገንዳ ውሃ ነባሩ ነዋሪና ሹፌሩ ዛሬም ሸሕዲ የሚላት የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ሸሕዲ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ጠዋት ጋቢ ለብሶ ከአዘዞ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ፈትቶ ጥላ ይፈልጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ማለፉ ብርቅ አይደለም።

ይህ ቆላ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ዋልካ አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ትራክተር፣ ዲስክ ማረሻና ነዳጅ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ካምፕ መድረስ አለባቸው። ከግንቦት ልደታ በኋላ ባሉት ሳምንታት መንገዱ በሎቤድና በተሳቢ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። በደጋ ለጥገና የቆየው ትራክተር ይወርዳል፤ ከእርሱም ጋር ሠራተኛው፣ ዱቄቱ፣ ሸራውና ውሻው ይወርዳሉ።

እኔም የወረድኩት ሎቤድ ከሚያሽከረክር አጎቴ ጋር ነበር። አጫጫኑን በቅርብ ለማየት በመቻሌ ደስ ይለኛል፤ ውሻው በዚያ ሥርዓት ውስጥ የራሱ ቦታ አለውና። መጀመሪያ ትራክተሩ በኋላ በኩል በመወጣጫው ይወጣል፤ ጎማዎቹ በእንጨት ይታገዳሉ፤ በሰንሰለት ወደ አራቱም ማዕዘን ይወጠራል። ዲስኩ ከኋላው ይቀመጣል፤ የናፍጣ በርሜሎችና ጆንያዎች ክፍተቱን ይሞላሉ። በመጨረሻ ውሾቹ ይጫናሉ። ቦታቸው ከትራክተሩ ሆድ ሥር ነው፤ በዚያ የብረት ምድጃ ላይ ብቸኛው ጥላ እርሱ ነውና። ረዳቱ ጆንያ አርሶ ያነጥፍላቸዋል። ገመዱ ከረዘመ ውሻው በመታጠፊያ ላይ ዘሎ ከጠርዙ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ካጠረ ደግሞ መተኛት አይችልም። ልኩ ውሻው ተነሥቶ ዞሮ የሚተኛበት ነገር ግን ጎማው ጋ የማይደርስበት ነው። ይህንን ልክ ረዳቱ ሳይለካ ያውቀዋል።

ውሻ እንደ ሰው በቆዳው ላብ አውጥቶ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ይረዳዋል፤ በኬላ ቆሞ ሲጠብቅ ግን ብረቱ ከታች፣ ፀሐይ ከላይ ይፈጁታል። አጎቴ በአይከልና በነጋዴ ባሕር ለውሾቹ ውኃ ሳይሰጥ አያልፍም። ስለ ውሾቹ ስጠይቀው «እኔ ውሻ አልጫንኩም፤ ትራክተሩን ነው የጫንኩት፤ ውሻው የትራክተሩ ነው» አለኝ። በወቅቱ እንደ ቀልድ ሰምቼው ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስለ ባለቤትነት ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ትክክለኛው ሆኖ አገኘሁት።

ውሻው የሚወርደው ለሥራ ነው። በካምፕ ሌሊት ጅብና ከርከሮ ይመጣሉ። ናፍጣና የትራክተር ባትሪ የሚሰርቅ ሰውም አይጠፋም። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ በየማሳው ሂላ ሆኖ ሲቆም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከከተማ ርቆ በሸራ ሥር ለሚያድር ሠራተኛ ውሻ አጥርም ደወልም ነው።

ውሻው የማን ነው?

በሸሕዲና በዙሪያዋ ለቀናት ስዘዋወር ስለማየው ውሻ ሁሉ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የካምፑ ነው»፣ «የሎቤዱ ነው»፣ «የወጥ ቤቷ ነው»፣ «ዘንድሮ የእኛ ነው» የሚሉ መልሶች አገኘሁ። የአንድን ሰው ስም ጠርቶ የመለሰልኝ አልነበረም። አባባሉ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል፤ በቆላው ካምፕ ይህ የባለቤትነት ሕግ ነው። ያበላው ባለቤቱ ነው፤ ማብላቱ ሲቆም ባለቤትነቱም ይቆማል። የአጎቴ ሎቤድ ካወረዳቸው ውሾች አንዱ «መከታ» ይባላል፤ ሸሕዲ ስንደርስ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ካምፕ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አይቻለሁ። ምንም ገንዘብ አልተከፈለም፤ ርክክቡ የተፈጸመው በቁራሽ እንጀራ ነበር።

የመኪና ጉዞን በተመለከተ ሌላውን ዓለም ማየት ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ በረዷማ አገሮች ሰዎች የበረዶ ሞተራቸውን በመኪና ጭነው፣ ውሻቸውን ጋቢና አስገብተው ወደ ተራራ ይጓዛሉ። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ሲሻገሩ ዕድሜው ከ3 ወር በላይ ለሆነ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የሚጓዝ ውሻ ፓስፖርት አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ከሆነም ከመጓዙ በፊት 21 ቀን መጠበቅ ይኖርበታል፤ ክትባቱ መከላከያ አቅም እስኪፈጥር ጊዜ ስለሚያስፈልገው ነው። የእነርሱም የእኛም ጭነት አንድ ዓይነት ነው፤ ማሽን፣ ሰውና ውሻ። ልዩነቱ ለውሻው የሚጠየቅ ወረቀት መኖርና አለመኖሩ ላይ ነው። በመተማ መንገድ ባለፍንባቸው ኬላዎች የትራክተሩ ሰነድ ታየ፤ የነዳጁ ደረሰኝ ታየ፤ የሰዎቹ መታወቂያ ታየ። ውሾቹን የተመለከተ ጥያቄ አልቀረበም።

ይህ የሆነው የእንስሳት ዝውውር በአገራችን ጨርሶ ሕግ ስለሌለው አይደለም። የእንስሳት በሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267/1994 ወጥቷል፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገር የቀንድ ከብት ምርመራ እንደሚያስፈልገው ነጋዴው ያውቃል። ከብት ዋጋ ስላለው ወረቀት አለው። ውሻ ግን በገበያ ስለማይሸጥ ከዝውውር ሐሳባችን ውጭ ቀርቷል፤ የገበያ ዋጋ የሌለው እንስሳ የሚያመጣው ወጪ ግን በሰው ሕይወት የሚከፈል ነው።

የበሽታው ቀጠሮና የእርሻው ወቅት

የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚደርሰው ከውሻ የሚመጣ ነው። በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሥራ በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው 2.33 ያህሉን እንደሚይዝ ገምቷል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ ከተነከሱ በኋላ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን በጊዜው መጀመር ሕይወትን ያተርፋል። እንዲህ ገዳይም እንዲህ ተከላካይም የሆነ በሽታ ጥቂት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው።

የእኔ ስጋት በዚሁ ጊዜ ላይ ያረፈ ነው። አንድ ውሻ በታመመ ውሻ ከተነከሰ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ከዚህ ሊያጥርም ወደ ወራት ሊረዝምም ይችላል። ይህን ከእርሻው ወቅት ጋር እናስተያየው። በሚያዝያ መጨረሻ በደጋ የተነከሰ ውሻ በግንቦት አጋማሽ ሎቤድ ላይ ሲወጣ ጤናማ ነው። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጌታውን ያውቃል። የትኛውም የኬላ ምርመራ በዓይኑ አይቶ አይለየውም። ምልክቱ የሚገለጠው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው፤ ያን ጊዜ ዋልካው ረጥቦ ከካምፕ ወደ አስፋልት መውጫው ተዘግቷል፤ ሠራተኛው ለአረም በርክቷል፤ ክትባት ያለበት ጤና ተቋም የቀናት መንገድ ሆኗል። በሽታው ቀጠሮ የያዘ ይመስል፣ ሰው ከሕክምና በጣም በሚርቅበት ወር ይደርሳል። መነሻው ደጋ ሆኖ መገለጫው ቆላ በመሆኑም የቆላው ሪፖርት ብቻ ምንጩን አያሳይም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ የ10 ቀን ክትትል ነው። ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ስለሆነም ሰው የነከሰ ጤነኛ መሳይ ውሻ አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። በ10ኛው ቀን ጤናማ ሆኖ ከተገኘ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ለተነከሰው ሰው የተጀመረው ክትባትም በሐኪም ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ውሻው በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ወረዳ በሚያቋርጥበት አገር ማን አስሮ ማን ያያል?

በስልክ የተደረገ ክትትል

ጥያቄው በነሐሴ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። አጎቴ ደውሎ «አንተ ሐኪም፣ መከታ ሰው ነከሰ» አለኝ። ከደጋ ለአረም የወረደ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ወጣት ሠራተኛ ሌሊት ወደ ካምፑ ሲመለስ ባቱ ላይ ተነክሷል። «ጋሼ፣ ቁስሉን በሳሙና ይጠብ፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ውኃ ይፍሰስበት፤ ከዚያ ክትባት ፍለጋ ይውጣ፤ ውሻውን ግን እንዳይገድሉት» አልኩት። መልሱ «ውሻውማ ዛሬ ጠዋት በመኪና ሄዷል» የሚል ነበር። ካምፑ ውሻውን ለመግደል ሲመክር፣ የራራለት አንድ ረዳት ለጥገና ወደ ላይ በሚወጣ መኪና ጭኖት ሄዷል።

ወጣቱ በትራክተር ተጎትቶ አስፋልት ደረሰ። መጀመሪያ በሄደበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረም፤ ወደ ጎንደር ተላከ። የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደው በተነከሰ በሦስተኛው ቀን ነው። ክትባቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከዚያም በኋላ ባሉ ቀጠሮዎች ይቀጥላል። ወጣቱ ስልክ ሲደውልልኝ ስለ ሕመሙ አልጠየቀኝም። «ወንድሜ፣ ካቦው ካልተመለስክ በቦታህ ሌላ እተካለሁ ብሎኛል፤ ሁለቱ መርፌ አይበቃኝም ወይ?» ነበር ያለኝ። የክረምቱን ደሞዝ የሚጠብቁ እናትና ታናናሾች አሉት። መርፌውን አቋርጦ ቢመለስ ለሞት ሊጋለጥ ነው፤ ቢቆይ የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ይጎድላል። በመማሪያ ክፍል «የክትባት ማቋረጥ» ብለን በመቶኛ የምናስቀምጠው ነገር ሰው ፊት ሲቀርብ ይህን ይመስላል። እኔም «አይበቃም፤ ሐኪሙ ሳይነግርህ እንዳታቋርጥ» አልኩት፤ የሚተካ ደሞዝ ግን ልሰጠው አልችልም።

ለወጣቱ ሌላ መውጫ ሊሆን የሚችለው ውሻው ብቻ ነበር። አጎቴ ለሚያውቃቸው ሹፌሮችና ረዳቶች መደወል ጀመረ። ፍለጋውን የረዳው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ረዳቱ ለመከታ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ የአንገት ቀለበት አድርጎለት ነበር። በአራት ቀን ውስጥ ከነጋዴ ባሕር መልስ መጣ፤ ጎማ የሚጠግን አንድ ጎሚስታ በር ላይ የከመነዳሪ ቀለበት ያለው ቀይ ውሻ ተኝቷል። ውሻው እንዲታሰር ተለመነ። ጎሚስታው በየማታው ሲበላና ሲጠጣ በስልኩ እየቀረጸ ላከልን። ከንክሻው በኋላ በ11ኛው ቀን የደረሰን ቪዲዮ መከታን ጅራቱን እየቆላ አሳየን። ወጣቱ ቪዲዮውን ይዞ ሐኪሙ ጋ ቀረበ፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነበር፤ ቀሪው መርፌ ተቋረጠና ወጣቱ ለአጨዳ ተመለሰ። ቦታውን አልተነጠቀም።

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት ዋና ነገር ውሻው ጤናማ ሆኖ መገኘቱን አይደለም፤ ያ በሌላ ጊዜ ላይሆን ይችላል። የወሰድኩት የ10 ቀኑ ክትትል መፈጸሙን ነው። የፈጸመውም የትኛውም መሥሪያ ቤት ሳይሆን ውሻውን ያንቀሳቀሰው ያው የመንገድ መረብ ነው። ሹፌር፣ ረዳት፣ ጎሚስታና የሻይ ቤት ባለቤት በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ያውቃሉ። በሽታውን ሊያዛምት የሚችለው መንገድ ከተጠየቀ በሽታውን ሊጠቁምም ይችላል።

ከመንገድ የተገኙ ሌሎች ትምህርቶች

ውሻ ራሱ በእግሩ ከሚሄደው ይልቅ ሰው የሚወስደው ርቀት በሽታውን እንደሚያዛምት ብዙ ማስረጃ አለ። በሰሜን አፍሪካ የተሰበሰቡ ቫይረሶችን የዘር ሐረግ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ የበሽታው ስርጭት ከቀጥታ ርቀት ይልቅ ከመንገድ ርቀት ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት ከበሽታው ነፃ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላ ደሴት በጀልባ የመጡ 3 ውሾች በሽታውን አስገቡባት። ከዚያ በኋላ ከደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ቢገደሉም በሽታው አልጠፋም። መግደል ሲመጣ ሰው ውሻውን ደብቆ ወደ ሌላ ቦታ ያሸሻል፤ መከታን መኪና ላይ የጫነው ረዳትም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በአገራችንም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሣ ወረርሽኝ ከሸለቆው ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። የበሽታው ምንጭ የሰው ውሻ ነበር፤ ከብት ተከትሎ ከውጭ በየወቅቱ የሚገባ ውሻም በፓርኩ ዙሪያ የተከተቡትን ውሾች ድካም ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ታውቋል። ለጎንደር አካባቢ ደግሞ የካላዛር ታሪክ አለ። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም እ.ኤ.አ. በ2005 የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ ከመተማና ከሑመራ ቆላ ከሚመለሱ የወቅት ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። በዚያ ቦታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በግራር ሥር መተኛትን፣ ደጅ ማደርንና ውሻ መያዝን ከበሽታው ተጋላጭነት ጋር ተዛምደው አግኝቷቸዋል። ይህ ውሻው የካላዛር አስተላላፊ ነው ለማለት አያበቃም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛር በዋናነት የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ ይታሰባል። ነገር ግን የወቅት ጉዞ በሽታን ሽቅብም ቁልቁልም እንደሚያጓጉዝ ይህ ክልል አስቀድሞ ዋጋ ከፍሎ ተምሯል።

ማጠቃለያና አስተያየት

በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ እንዳይተላለፍ ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ግብ ጥለዋል። ሆኖም 70 በመቶ የምንለው ከስንት ውሻ ነው? በበጋ የተቆጠረ የሸሕዲ ውሻና በሐምሌ በካምፖቿ ያለው ውሻ አንድ ቁጥር አይደለም። አካፋዩ በየወቅቱ በሚለዋወጥበት ቦታ የበጋ ዘመቻ ወረቀት ላይ ግቡን ሊመታ ይችላል፤ ካምፑ ግን ሳይከተብ ይከርማል። ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክትባቱ ከጉዞው በፊት በመነሻው ይሰጥ። ሎቤዶች የሚጫኑባቸው አዘዞና አይከል የታወቁ ናቸው፤ ጊዜውም የታወቀ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት የተከተበ ውሻ ከግንቦት ልደታ በኋላ ሲጫን 21 ቀን ሞልቶታል ወይም ሊሞላው ተቃርቧል። ብዙ ካምፖች አዲስ ጌታ ቶሎ ስለሚለምድ ቡችላ ይመርጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጅምላ ዘመቻ ከ3 ወር በታች ያሉ ቡችላዎችም እንዲከተቡ ስለሚመክር እነርሱም መታለፍ የለባቸውም።

ሁለተኛ፣ ምዝገባው በቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በመኪናና በካምፕ ይሁን። የተከተበ ውሻ ከሩቅ የሚታይ ባለቀለም የአንገት ቀለበት ይደረግለት። ከመነዳሪ በየጎሚስታው ቤት የሚጣል ነገር ነው፤ በላዩ ዓመተ ምሕረቱን በቀለም መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የኬላ ሠራተኛ ቀለበቱን በዓይኑ አይቶ ያሳልፋል። ቀለበት የሌለውን ውሻ የያዘ ሹፌር ግን ሊቀጣ አይገባውም፤ ቅጣት ውሻውን ከኬላው በፊት በእግሩ እንዲሻገር ያደርገዋል እንጂ አያስከትበውም። የሚሻለው በዚያው ቦታ መከተብ ነው።

ሦስተኛ፣ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና ጎሚስታዎች እንደ መረጃ ሰጪ ይቆጠሩ። አንድ የስልክ ቁጥርና «ውሻው አይገደል፣ አይጫን፣ ለ10 ቀን ይታሰር» የሚል አጭር መልእክት በየካምፑ ቢደርስ፣ እኛ በአጎቴ ትውውቅ ያደረግነውን ማንኛውም ካምፕ ሊያደርገው ይችላል።

አራተኛው ከእንስሳት ሐኪም ሥራ ውጭ ቢሆንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። የተነከሰ የወቅት ሠራተኛ መርፌውን እስኪጨርስ ቦታው እንዲጠበቅለት በካቦውና በሠራተኛው ስምምነት ውስጥ ቢገባ፣ ብዙ ሰው ሳያቋርጥ ይጨርሳል። ካምፑን ሲጠብቅ የነበረ ውሻ ሰው ቢነክስ ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

በቀጣዩ ዓመት የመመረቂያ ጥናቴን በዚህ መንገድ ላይ ለማድረግ አስቤያለሁ። መጠይቄ «በቤትዎ ስንት ውሻ አለ?» በሚለው አይጀምርም። «ይህ ውሻ ከየት ተጫነ? ማን ያበላዋል? ሰሊጡ ሲራገፍስ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ተመሳሳይ ጥያቄ በሑመራ፣ በቋራና በሌሎች የወቅት እርሻ አካባቢዎች ለማንሣት የሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቢኖሩ በጋራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።